የአደጋ ጊዜ አቡጀዲ

እኔ በተፈጥሮዬ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ፤ እጅ ሲወጣ ማየት እንጂ እጅ ማውጣት አልለመደብኝም። የዚያን ቀን ግን ቆቦ ሙቀቷን ያለ ስስት የምታድልበት ወቅት ነበር። የአዳራሹ ቆርቆሮ ከራሳችን በላይ ይንጣጣል፣ ከጎኔ ያለው መስኮት ተከርችሟል። «እባካችሁ ይህን መስኮት አንድ ሰው ይክፈትልኝ» ለማለት ብቻ እጄን አነሣሁ። አሠልጣኙ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረና «እናመሰግናለን መምህር! በራስዎ ፈቃድ ተነሥተዋል!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያጨበጨቡት በእኔ ደስ ብሏቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሸክሙ ከእነሱ ላይ ስለወረደ ነው። መስኮቱም አልተከፈተም።

እንዲህ ነው እንግዲህ «ለድንገተኛ አደጋ የተዘጋጀ ሞዴል አባወራ» የሆንኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ክረምት እየመጣ ነበር። ቆቦ ላይ ክረምት ሲመጣ ውሃ በሁለት በኩል ያስቸግራል፤ ከተራራው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፣ ከቧንቧው ደግሞ አይመጣም። በዚህ መሐል አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት የሚባለው በሽታ እንዳይገባ ያሠጋል። ስለዚህ አሠልጣኙ እያንዳንዱ ቤት ምን ምን ማኖር እንዳለበት ነገረን። የታከመ ውሃ በጀሪካን። የውሃ ማከሚያ። ሳሙና። ጨውና ስኳር። መብራት ቢጠፋ ሻማና ክብሪት። ጎርፍ ቢመጣ ገመድና አካፋ። ውሃው የደፈረሰ እንደሆነ ማጥሪያ፣ ሰው የቆሰለ እንደሆነ ማሰሪያ የሚሆን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ቢቻል አቡጀዲ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ብሎ ንግግሩን ዘጋ። ከዞን የሚመጡ እንግዶች ተሞክሮ ለመቅሰም ቤቴን እንደሚጎበኙ የነገረኝ ሁሉም ሰው ሻይ ሊጠጣ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን እስቲ ያ ሰውዬ የቆጠራቸውን ነገሮች መለስ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ውሃ፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ገመድ፣ አካፋ፣ ነጭ አቡጀዲ። እኔ በጊዜው አልተመለከትኳቸውም። የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ጠባይ አለው፤ ከበላይ አሟላ የተባለውን ያሟላል እንጂ ምን እንደሚመስል አያይም።

ቤቴ ውስጥ ደግሞ ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። እናቷ እማማ ዝናሽ ልጃቸውን ሊያርሱ የገንፎ እህላቸውን፣ ቅቤያቸውንና ማራቸውን ጭነው፣ ልብሳቸውን የሚቆልፉባትን ትንሽ ሣጥን አስከትለው ከጎብዬ መጥተዋል።

እማማ ዝናሽ አይወዱኝም ነበር። ይህን የምለው ቅሬታ ለማሰማት አይደለም፤ አገር የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው። ልጃቸውን ለመዳር ያሰቡት በሬውም ግመሉም ለሞላለት የራያ ጎበዝ ነበር። በምትኩ ከጎጃም አንድ ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ይዞ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ወሰዳት። ከተጋባን ጀምሮ «አንቱ» ነው የሚሉኝ። ሌላው ሰው «አንቱ» ሲባል ይከበራል፤ እኔን እማማ ዝናሽ «አንቱ» ሲሉኝ የውጭውን በር እያሳዩኝ ይመስለኝ ነበር። ውሃ ሲጠማቸው እንኳ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ ጓዳ ያለችውን ልጃቸውን ተጣርተው፣ «እኒህ መምሩ ፈቃዳቸው ኸሆነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጭኝ» ይላሉ። እኔ ተነሥቼ ባመጣላቸው ብርጭቆውን ተቀብለው ምስጋናውን ለትርንጎ ይሰጧታል።

እውነቱን ልናገር፤ እኒያ ሴትዮ እንዲወዱኝ በጣም እፈልግ ነበር። እናቴን ያጣኋት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ሰው ከሚስቱ ጋር እናትም አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። «አንተ ደደብ» ብለው ቢሰድቡኝ እንኳ «አንተ» የምትለዋን ይዤ ደስ እያለኝ አድር ነበር።

ወደ ገበያው ልመለስ። በገበያ ቀን ዕቃውን ሁሉ ላሟላ ወጣሁና መጀመሪያ ጨርቅ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። ይህ ሰው በዋጋ ክርክር ወደር የለውም። አንድ ጊዜ መሐረብ ልገዛ ሄጄ ስንከራከር አዛን አለ፤ ሄዶ ሰግዶ ተመለሰና ካቆምንበት ቀጠለ። የዚያን ቀን ግን «ነጭ አቡጀዲ ፈልጌ ነበር፣ ረዘም ያለ» ስለው ፊቱ ልውጥ አለ። መቀሱን ቀስ ብሎ አነሣ። ከለካው ላይ አንድ ክንድ ጨመረልኝ። አጣጥፎ በሁለት እጁ አቀረበልኝና ዋጋውን ስጠይቀው «ያለህን ስጠኝ፤ አብሽር» አለኝ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። የሥልጠናው መልእክት ለካ ሕዝቡ ዘንድ ደርሷል፣ ለአደጋ የሚዘጋጅ ዜጋ እንዲህ እየተከበረ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አካፋና ገመድ የሸጠልኝም ሰው ሳልለምነው እጀታውን አጥብቆ መታልኝና «የሚያግዝህ ወንድም፣ ዘመድ የለህም?» አለኝ በሐዘኔታ። «እኔው እበቃለሁ» አልኩት በኩራት። ራሱን እየነቀነቀ ሸኘኝ። ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። የቆቦ ባጃጅ ዘፈኑን የሚያቆመው ነዳጅ ሲጨርስ ነው። የኔው ባለ ባጃጅ ግን አካፋውንና በላዩ ላይ የተጣጠፈውን አቡጀዲ ባየ ጊዜ ዘፈኑን ዘጋ፣ ጉድባ ጉድባውን እየሸሸ፣ መንገዱን ሙሉ አንድም ሰው ሳይሳደብ ቤቴ አደረሰኝ። ስወርድ ኮፍያውን አወለቀ። ከተማዋ በአንድ ቀን እንዲህ መሠልጠኗ እየደነቀኝ ገባሁ።

ቀጥሎ ውሃው። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ሞላሁ። ማከሚያው በክዳኑ ነው የሚለካው፤ አሠልጣኙ ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን ብሎ ነበር። እኔ ለመጠኑ አንድ፣ ለጥንቃቄ አንድ፣ ከዞን ለሚመጡት እንግዶች ክብር ደግሞ አንድ ጨመርኩ። ቤቱ ወዲያው ሆስፒታል ሆስፒታል ሸተተ። ድመታችን ጎረቤት ሄዳ መኖር ጀመረች። ትርንጎ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ይህ ውሃ ተሕዋስያኑን ብቻ አይደለም የሚገድለው» አለችኝ። እማማ ዝናሽ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ለልጃቸው፣ «የሚጠጣ ነው ወይስ የሚያጥቡበት?» አሏት። ምን ሊታጠብ እንደታሰባቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ውሃው ቀዝቃዛና ጥላ ያለው ቦታ መቀመጥ አለበት ተብሏል። ቆቦ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ የሚፈልግ ሰው መሬት ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ጀሪካኖቹ በሰልፍ የሚጋደሙበት ረዘም፣ ጠበብ ያለ ጉድጓድ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር በአዲሱ አካፋዬ መቆፈር ጀመርኩ። ላቤን ልጠርግ ቀና ስል ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶቻችን ተደርድረው ያዩኛል። ሞዴል አባወራ ሲሠራ ሊያዩ የመጡ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው። አንዳቸውም አላውለበለቡልኝም። አንዷ ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች።

በነጋታው የቅሬያችን ዳኛ ሸህ ሁሴን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከች አሉ። ቅሬ ማለት በወሎ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ ማኅበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ሸህ ሁሴን ከኒሙ ጥላ ሥር ተቀመጡና ጉድጓዱን አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደገና አዩት።

«መምሩ» አሉኝ፣ «እኛ ምን በደልንህ?»

«ምነው ሸህ ሁሴን?»

«ቅሬ እያለህ መገነዣ በግልህ ትገዛለህ? ቅሬ እያለህ መቃብር በግልህ ትቆፍራለህ? ለዚያውም ግቢህ ውስጥ! አማትህ ኸጎብዬ ስለመጡ ቅሬው አይቀብራቸውም ብለህ ነው? ወላሂ፣ አሳፈርኸን።»

አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ ጎንበስ ብለው፣ «ሰዪቱ እኮ በሕይወት አሉ» አሉ፤ «ትናንት ገበያ አይቻቸዋለሁ። ቲማቲም እየመረጡ ነበር።»

ጥላውን ለቅቄ ፀሐይ ላይ የቆምኩ ይመስል አላበኝ። ነጋዴው፣ ባለ አካፋው፣ ባለ ባጃጁ፣ ከንፈር የመጠጠችው ሴትዮ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገቡኝ። ለካ በዚህ አገር በመገነዣ ላይ ዋጋ አይከራከሩም! እየማልኩ እየተገዘትኩ ሥልጠናውን፣ ጎርፉን፣ በሽታውን፣ ከዞን የሚመጡትን እንግዶች ሁሉ አስረዳኋቸው። ሸህ ሁሴን ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። ሲበርድላቸው፣

«እና ይህ ሁሉ ለክፉ ቀን ነው?» አሉኝ።

«አዎን።»

«ለክፉ ቀንማ እኛ አለንልህ። አንተ ለብቻህ ተርፈህ ኸማን ጋር ልትኖር ነው?»

ይህ ጥያቄ ሥልጠናው ላይ አልተነሣም። ወሬውን እንደሚያበርዱልኝ ቃል ገብተው ሄዱ። ሸህ ሁሴን ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የከተማው ወሬ ሳይሆን አማቴ ነበሩ። ድሮውንም የማይወዱኝ ሴትዮ፣ አማችዎ መገነዣዎን ገዝቶ ጉድጓድዎን እየቆፈረ ነው ሲባሉ ምን ይላሉ? ምጥ ሊይዛት የደረሰች ልጃቸውን ጥለው ቢሄዱስ? አቡጀዲውን ሳያዩት ልደብቅ ወደ ቤት ሮጥኩ። ያስቀመጥኩበት ቦታ የለም።

«ና እስቲ እዚህ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ክፍል መጣ።

እማማ ዝናሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አቡጀዲው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። በሁለት ጣታቸው እያሹ ያዩታል።

«ሳሳ ብሏል» አሉ። «ግን ንጹሕ ነው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል። ዝም በልና ስማኝ።» ዓይናቸውን ከጨርቁ ላይ አላነሡም። «በዚያ በክፉው ቀን ትርንጎን አዝያት ነበር። እናቴ መንገድ ላይ ቀረች። የቀበርናት በእህል ጆንያ ነው። ነጭ ጨርቅ ኸየት ይምጣ? ሰው የለበሰውን ሁሉ ሽጦ በልቶታል። ጆንያው የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረበት። እናቴን እንደ ዕቃ ማርክ ተጽፎባት አፈር አለበስናት። ኸዚያ ወዲህ ሞት አልፈራም፤ የምፈራው እንዲያ መቀበርን ነው። ወንዶች ልጆቼን ‹መገነዣዬን ግዙልኝና ሣጥኔ ውስጥ ላኑረው› ስላቸው ‹አታሟርቺ፣ ገና ሺ ዓመት ትኖሪያለሽ› ይሉኛል። ሺ ዓመት የኖረ አላየሁም። አንተ ግን፣ ባዳው፣ ሳልነግርህ፣ ሳልለምንህ...»

አለቀሱ። ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። «የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ የምትወልደው ይባረክልህ፣ አንተም ቀባሪ አትጣ» ብለው መረቁኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቆራጥ ሰው ቢሆን «አይ እማማ፣ ይሄስ ለውሃ ማጥሪያ ነው» ይል ነበር። እኔ «አሜን» አልኩ። ስወጣ ትርንጎ በሩ ሥር ቆማ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ጣቷን አፍንጫዬ ላይ አደረገችና «ትንፍሽ ትልና!» አለችኝ። ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ሰሞን እግዜር ለሁላችሁም ያድላችሁ። «አንተ» ተባልኩ። «በልተሃል?» ተባልኩ። ለአራሷ የመጣው ማር መጀመሪያ የተከፈተው ለእኔ ነው። ትርንጎ ሆዷን ደግፋ «የምወልደው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» እስክትል ድረስ እማማ ዝናሽ ቅቤውን ወደ እኔ ሳህን ያደሉ ጀመር። ማታ ማታ ስለ ጎጃም ይጠይቁኛል፤ እኔም አንዳንዱን ከእውነቱ ጨመር እያደረግሁ አወራላቸዋለሁ።

ይሁንና ጉብኝቱ እየቀረበ ነው። እንግዶቹ «አቡጀዲው የታል?» ቢሉኝስ? ከአማቴ ሣጥን ላወጣው አልችልም። ሌላ መግዛት አለብኝ። ቆቦ ብገዛ ያ ነጋዴ ምን ሊያስብ እንደሚችል አሁን ዐውቄአለሁ። ስለዚህ ብልጥ ሆንኩና በሚኒባስ ዋጃ ድረስ ሄጄ ገዛሁ። ዋጃ ማንም አያውቀኝም። የዋጃው ነጋዴም አልተከራከረኝም፤ እኔም ይህን ጊዜ አልተደሰትኩም።

ስመለስ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እትዬ ከዲጃ! አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን፤ ያቺ ከንፈር የመጠጠችው። አላማጣ ዘመድ ጠይቃ መመለሷ ነው። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጥቅል አየችው። ጫፉ ወጥቷል።

«ሌላ ነው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሌላ ነው» አልኩ።

«የፊተኛው የእማማ ነው አሉ። ራሳቸው በደስታ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ይኸኛውስ?»

ለውሃ ነው ብላት «የፊተኛውስ?» ማለቷ አይቀርም፤ ከዚያ አማቴ ጆሮ ለመድረስ አንድ አጥር ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ ዝም አልኩና በመስኮት የማሽላውን እርሻ ማየት ጀመርኩ። ባለ ነፍሰ ጡር ሚስት፣ ሁለተኛ መገነዣ ታቅፎ፣ ዓይኑን ከሰው አሽሽቶ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል አስቡት። እትዬ ከዲጃ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን በሻሿ ከደነች። ትንሽ ቆይታ ሞባይሏን አወጣችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ቆቦ ስደርስ ዜናው ቀድሞኝ ገብቶ ሰፈሩን ዞሮ ጨርሷል።

የጉብኝቱ ዕለት ሁለት መኪና አቧራ እያስነሣ መጣ። ከዞን የመጡት ኃላፊ ወፈር ያሉ፣ ትሕትና የሚያበዙ ሰው ናቸው። አሠልጣኙ ከኋላቸው እየተሽቆጠቆጠ፣ ካሜራ የያዘው ደግሞ ከፊታችን የኋሊት እየሄደ ግቢ ገባን። ጀሪካኖቹን አሳየኋቸው። ጉድጓዱን አሳየኋቸው። ዕቃ ማስቀመጫ በርሜሉ ላይ ሻማውን፣ ሳሙናውን፣ ገመዱንና የዋጃውን አቡጀዲ እንደ ሱቅ ደርድሬአለሁ። «ይህን በራሴ ያከምኩትን ውሃ ይቅመሱልኝ» ብዬ ብርጭቆ አቀረብኩ። ኃላፊው አሸተቱትና በእጃቸው የያዙትን የታሸገ ውሃ ከፍ አድርገው «እኛ ይዘናል፤ ይህ ለኅብረተሰቡ ይሁን» አሉ። ተከታዮቻቸውም ሁሉ ይዘዋል።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፈተ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ዱቄትና በርበሬ በሰፌድ ይዘው በእትዬ ከዲጃ መሪነት ገቡ። ትርንጎ መጥረጊያ ይዛ በረንዳ ላይ ቆማለች። ገና ሲያዩዋት አንዷ «ወይኔ ልጅነቷ!» ብላ ለቀሰች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

«ማን ሞተ?» አለች ትርንጎ ደንግጣ።

«አንቺን ያኑርልን እንጂ፣ ማንም!» አሏትና ይባስ ብለው አለቀሱ።

ኃላፊው ወደ አሠልጣኙ ዞሩ። «ይህ ምንድን ነው?»

አሠልጣኙ እኔን አየ። እኔ ሰማዩን አየሁ። «ይህ... የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነው» አለ አሠልጣኙ።

«እጅግ ግሩም!» አሉ ኃላፊው። «ለቅሶው ሳይቀር! የኅብረተሰብ ተሳትፎ ማለት ይህ ነው። ቅረጸው፣ ቅረጸው እንጂ!» ባለ ካሜራው የምታለቅስ ሴት ፊት ተንበረከከ።

ጫጫታውን ሰምተው እማማ ዝናሽ ከቤት ወጡ። እትዬ ከዲጃ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸው። አማቴ ቀስ ብለው አስለቀቋት። በርሜሉ ላይ ያለውን አቡጀዲ አዩት። ሰዉን እየገፉ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጤና ጣቢያ ምን አሏችሁ?»

«ምንም አላሉን፣ እማማ።»

«አትዋሸኝ። አንደኛው የኔ ነው። ይኸኛው የማን ነው?»

ባለ ካሜራው እንኳ ቆመ። እዚህ ላይ ልቀልድ ብል አይሆንልኝም። እማማ ዝናሽ እጄን ያዙኝ።

«ሁለቱንም ለኔ አድርገው» አሉኝ። «ደርበህ አልብሰኝ። እሷን ግን ተዋት።»

ከዚህ በኋላ ዝም የሚል አንደበት አልነበረኝም። አቡጀዲውን ከበርሜሉ ላይ መንጭቄ በጥርሴ ቀደድኩት። አጣጠፍኩትና ያጠገቤ ባልዲ አፍ ላይ ወጠርኩት። በሌላ ባልዲ ለአትክልት የተቀዳ የደፈረሰ የጎርፍ ውሃ ነበር፣ እሱን አንሥቼ ከላይ ደፋሁበት። «ለውሃ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። «እማማ፣ ለውሃ ነው! ትርንጎ ደኅና ናት! ለውሃ ማጥሪያ ነው የገዛሁት!» ጭቃው ከጨርቁ ላይ ቀረ፤ ውሃው ከሥር ይንጠባጠብ ጀመር። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋርጠው አንገታቸውን አሰገጉ። ኃላፊው «ተግባራዊ ማሳያ!» ብለው አጨበጨቡ፣ ተከታዮቻቸውም አጨበጨቡ።

እማማ ዝናሽ አላጨበጨቡም። የሚንጠባጠበውን ውሃ ቆመው አዩ። መጀመሪያ ልጃቸውን ዞረው አይተው «ተመስገን» አሉ። ቀጥሎ ዓይናቸው ከጨርቁ ወደ ሻማው፣ ከሻማው ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ አካፋው ሄደ። እኔ ያኔ ገበያ ሄጄ ያላየሁትን እሳቸው አሁን አዩት።

«የፊተኛውም ለዚሁ ነበር የተገዛው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ትርንጎ ከበረንዳው ላይ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች። መዋሸት እችል ነበር። ነገር ግን እኒህ ሴትዮ እጄን መልሰው ይዘውታል፤ እጃቸው ውስጥ ሆኜ መዋሸት አልቻልኩም።

«አዎን፣ እማማ» አልኩ።

እጄን ለቀቁት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤት ገቡ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ሣጥናቸውን አውጥተው በቀጣዩ ሚኒባስ ጎብዬ ሊገቡ ነው። ልጄ ያለ አያት ሊወለድ ነው። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ስለ ሽልማት የሆነ ነገር ይነግሩኛል፤ አልሰማኋቸውም። የማየው በሩን ብቻ ነው።

ወጡ። ሣጥን አልያዙም። እትዬ ከዲጃን «በሉ ዱቄቱን ወደ ጓዳ አስገቡት፤ ለገንፎ ይሆነናል» አሏት። ከዚያ እኔ ፊት መጥተው ቆሙ።

«ወንዶች ልጆቼ ሁልጊዜ ያስቡልኛል» አሉኝ። «ሲያስቡልኝ ሲያስቡልኝ ሳይገዙልኝ ቀሩ። አንተ አላሰብህልኝም፤ ግን ገዝተህልኛል። እኔ ደግሞ ሐሳብ ለብሼ አልቀበርም።»

የሣጥኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰሩትና ልጃቸውን ደግፈው ሊያስቀምጡ ወደ በረንዳው ሄዱ።